አንቀመጥም ያልነው ሽማግሌዎች

ሰው ወደፈለገበት የሚሄደው በገዛ እግሩ ነው የሚላችሁ ካለ አትመኑት! ሮቤ ላይ ስታዲየሙ እየሰፋ ሳለ፣ በጨዋታ ቀን በዚያ ያላለፈ ሰው ነው።

እኔ ባለፈው ቅዳሜ አልፌያለሁ። ለኳስ እንዳይመስላችሁ... ለሽምግልና! የእህቴ ልጅ አንዲት የሮቤ ልጅ ወዶ እህል አልቀምስ ብሏል። አባቷን ኦቦ ገመቹን ሁለቴ ደጅ ጠንተናቸዋል። በመጨረሻ፣ "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ኑ። ካረፈዳችሁ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ!" አሉን። ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም።

እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ወርቁ ነጭ ጋቢያችንን ደርበን፣ ከዘራችንን ይዘን ከጎባ በሚኒባስ ተነሣን። ሮቤ ስንደርስ መንገዱ ለግንባታው ተቆፍሮ ጠበቀን። ባጃጅ ያዝን፤ እሱም ትንሽ ሄዶ ቆመ።

"ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፣ አባቶች!"

ጋሽ ወርቁ ቱግ አሉ። "ቅድመ አያቴ ከሰፋሪዎቹ ጋር በበቅሎ ከሸዋ ጎባ ሲገቡ እንኳ እንዲህ አልተንገላቱም!"

ምን ያንገላታቸዋል? ያኔ ስታዲየም የሚያሰፋ አልነበረማ!

የኦቦ ገመቹ ቤት ከስታዲየሙ ጀርባ ነው። ወደዚያ የምታሳልፈው በቆርቆሮ አጥር መካከል የቀረች አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ናት። ሌሎቹ በሮች ለግንባታው ስለተዘጉ ተመልካቹም በሙሉ የሚገባው በእሷው ነው። ገባንባት። ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት ይንካ አይንካ እንጃ! ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ሕዝቡ ወደ ቀኝ ይዞኝ ነጎደ። "ሽማግሌዎች ነን፣ አሳልፉን!" ብል ማን ሰምቶኝ... ቲኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ራሱ እየተገፋ አብሮን ገባ። ቀና ስንል ሜዳው ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። የልጃችን ነገር አበቃለት አልኩ።

"እናንተ ሰዎች! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

ኦቦ ገመቹ! ጠብቀው ጠብቀው ስንዘገይባቸው ተናደው ኳስ ሊያዩ መጥተዋል።

"ቀጠሮው ቤቴ ነበር። አሁን ቀርቷል!" አሉና ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተክለው ፊት ለፊታቸው ገተር አሉ። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው አይቀመጥም!

"ታኣ! ተቀመጡ እንጂ! ጋረዳችሁን!" ከኋላችን ጩኸት ተነሣ።

"መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም!" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"የምን መልስ?"

"የእኚህን ሰው ልጅ ለልጃችን ጠይቀን!"

ይህን ጊዜ ጩኸቱ ወደ ሌላ ዞረ። "ኦቦ ገመቹ፣ ይስጧቸውና ይቀመጡልን!" መጀመሪያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ አምስት ረድፍ... ቆሎ የምታዞረዋ ሴትዮ ሳትቀር ለመነችልን። ኦቦ ገመቹ ሕዝቡን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ጋቢያችን ላይ ያለውን ጭቃ አዩ።

"እሺ! ሰጥቻለሁ! በሉ ተቀመጡ!"

የደስታዬ ብዛት! ጉልበታቸውን ልንስም አጎነበስን። እሳቸውም "ኧረ በሕግ!" እያሉ ሊያነሡን ጎንበስ አሉ... ጎል! ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ። ኦቦ ገመቹ ቀና እስኪሉ ኳሱ መሃል ሜዳ ተመልሷል።

እንኳን ደስ ያለዎት ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

"ተወኝ ወዳጄ! በአንዲት ደቂቃ ልጄም ሄደች፣ ጎሉም አመለጠኝ!"