የሶሊያናን ስካርፍ ማን ሰራው?

ጓደኞቼ፣ ዛሬ በስምንት ዓመት ልጅ ተያዝኩ። እጅ ከፍንጅ! ያውም እንግዳ ፊት።

እኔ እንደምታውቁት ሰው ሲበዛ ድምፄ የሚጠፋ ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንቴ አየር ጤና ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ የእህቴን ልጆች ቤት ውስጥ ማስተማር ለእኔ የተፈጠረ ስራ ነበር።

የስምንት ዓመቷ ትልቋ ሶሊያና ትምህርት ቤት «ተሳስተሻል» በተባለች ቁጥር ታለቅስ ነበር። በኋላ ጭራሽ እርሳስ አልይዝም አለች። እህቴም «ዘንድሮን ብቻ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ትንሿ ኤልዳና ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ክላስ የምትገባው ለወሬ ነው።

ጠዋት ሂሳብና ንባብ። ከሰዓት ኪሮሽ! ሃሳቡ የእኔ ነው። ክር ላይ ቀይ እስክሪብቶ የለማ።

ሶሊያና ለእናቷ ቢጫ ስካርፍ ጀመረች። ግን አልፎ አልፎ ቀዳዳ ትተዋለች፣ የእያንዳንዱን መስመር መጨረሻም ትዘላለች። ስካርፉ በረዘመ ቁጥር እየጠበበ፣ እየጠበበ... ቁራሽ ፒዛ መሰለ።

«ተሳስተሻል» ልበላት? እኔ? እንዴት ብዬ!

ልጆቹ ግቢ ወጥተው ሲጫወቱ የጠበበውን ተረተርኩት። ቀጥ አድርጌ ሰራሁና ቦታው መለስኩት።

በማግስቱም እንደዚያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ። (አትፍረዱብኝ።)

ዛሬ እህቴ ስካርፉን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ጎረቤት ጠራች። እትዬ ወይንሸትም መጡ። እትዬ ወይንሸት ማለት ቴሌቪዥናቸው፣ ፍሪጃቸው፣ ሬዲዮናቸው ሳይቀር ዳንቴል የለበሰ ሴትዮ ናቸው።

ስካርፉን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ይቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ላላ ብላለች፤ የልጅ እጅ ናት። ይሄ ግን...» ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ይሄስ የልጅ እጅ አይደለም።»

ሞትኩ!

«ኧረ እትዬ፣ ልጄን አይናቋት!» አለች እህቴ እየሳቀች። «እሷው ናት የሰራችው። አይደል ሶሊ?»

ሶሊያና ስካርፉን ከእናቷ አንገት ፈታችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ደጋግማ አየችው።

«የኔ ቀዳዳ ነበረው» አለች። «የኔ የታለ?»

ኤልዳና ብስኩት በሞላ አፏ፣ «ቲቸር ናት! በመስኮት አይቻታለሁ! ሁሌ እኮ ነው የምትፈታው!»

ሶሊያና ወደኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በጣም አስቀያሚ ነበር እንዴ?»

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሴቶች አሉ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ድምፄ እንደልማዱ ሊጠፋ ሲል በግድ ጎተትኩት።

«አልነበረም፣ የኔ ቆንጆ። ተሳስተሻል ካልኩሽ ኪሮሹንም ትጥይዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። አጥፍቻለሁ።»

አሰበችበት።

«ብትነግሪኝ እኮ ራሴ እፈታው ነበር።»

አለችና ጫፉን ይዛ ሳበች! የሁለት ሳምንት ስራዬ እንግዳ ፊት ትርትር፣ ትርትር... እኔ ከስር ክሩን እጠቀልላለሁ። እህቴ አፏን ይዛለች። እትዬ ወይንሸት «ጎበዝ፣ እንደሱ ነው!» እያሉ ያበረታታሉ። እኔን ሳይሆን እሷን።

የራሷ ስራ ጋ ስትደርስ አቆመች። «እሺ፣ የመስመሩ መጨረሻ የቱ ነው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«ገባኝ። አሁን እጅሽን አንሺ።»

ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ሆና እየሰራች ነው። ሶስት መስመር ጨርሳለች። ሁለተኛው ላይ አንድ ቦታ ዘለለች፤ እንደምንም ነገርኳት። «አየሁት» ብላ ቀጠለች። አላለቀሰችም።

ያለቀስኩትስ እኔ ነኝ፤ ዞር ብዬ።

አሁን ያቺን ቀዳዳ ልደፍናት እጄ እየበላኝ ነው። በአንዱ እጄ እጽፋለሁ፣ ሌላኛው ላይ ተቀምጬበታለሁ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር «አይቶ አለመንካት» የሚል ኮርስ አልሰጡንም። የወሰዳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሃንድአውቱን ትልኩልኛላችሁ?