ያወቀ አገር ይስጥ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሳልናገር አልውልም። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ያየሁትን ለመናገር ግን ከዚያ በላይ ትምህርት አይጠይቅም።

ልጄ ኤልዳና እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። በር ላይ ልጆች ወላጆቻቸውን ያደርሳሉ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ የልጅ ልጁን ቀሚስ ጨምድዶ «ጥለሽኝ አትሂጂ!» እያለ ያለቅሳል። ደወሉ ዘበኛውን መታው፤ ዘበኛው «ድው!» አለ። ገባን።

ኤልዳና አፍንጫዬን በመሐረብ ጠረገችልኝና «አደራ፣ ያወቅሽውን ሁሉ እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«እኔ የማላውቀው ምን አለና?» አልኳት። እውነቴን ነው። በሰፈራችን «ማንአህሎሽን ጠይቋት» ይባላል እንጂ ማንአህሎሽ ጠየቀች ሲባል የሰማ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ዴስክ ላይ የታጨቅነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ጉልበታችን አገጫችን ደርሷል። ከፊት የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ካባ ለብሳ ተቀምጣለች። ዳኛዋ እሷ ናት።

«ዛሬ እንቆቅልሽ ነው» አለች። «ያወቀ አገር ይሰጣል።»

ብድግ አልኩ። «ኧረ ተዪ! አገር የሚሰጠውማ ያላወቀው ነው!»

«እሱ ድሮ ነው። ቁጭ በይ፣ አንቺ ልጅ።»

ተቀመጥኩ።

ከጎኔ ዶክተር ልዑልሰገድ የሚባል ሰው ነበር። ልጆችን ፍልስፍና ላስተምር ብሎ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። የራሱን ቁመት የሚያህል ማስመሪያ ታቅፏል።

«ከልጅ ጋር ያለ ዘዴ መፈላሰፍ አይቻልም፣ እመቤቴ» አለኝ። «ዘዴው ይኸው።»

ዳኛዋ «እንቆቅልህ?» አለችው።

ወግ ነውና መጀመሪያ «ምን አውቅልዎ» ማለት ነበረበት። እሱ እቴ! ተነስቶ ማስመሪያውን አፏ ላይ ደገነ። «ጥያቄዎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ይሁን፣ ይቀጥሉ።»

«ሲጨልም ጥላዬ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም! ብርሃን ከሌለ ጥላ የለም!»

«አወቀ! አወቀ!» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ልጆች ሁሉ ጮኹ። «አገር ስጠን!»

ደሴን ሰጠ። ደሴ ከነጦሳ ተራራዋ ተጠቅልላ የዳኛዋ ቦርሳ ውስጥ ገባች። ዶክተሩ ግን መልስ ማወቁን ማን ያስጥለው? ጅማን ሰጠ። ጎንደርን ሰጠ። ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ወንፊት ሆነ፤ በቀዳዳው ነፋስ እየገባ ደብተራችንን ገለጠው።

ወዲያው ክፍሉ ቀረና እኛ ሰፈር፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ባለችው ቅያስ ላይ ቆመን ተገኘን። የቀረችው አገር እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። በቅያሷ መጨረሻ ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮዋን እየደፈንኩ የኖርኩባት ቤቴ አለች።

«የማንአህሎሽ ተራ ነው» አለች ዳኛዋ። «ካወቀች ቅያሷ ትሄዳለች፣ ከነቤቷ።»

ጠያቂ ሆና የወጣችው ኤልዳና ናት። የራሴ ልጅ! ማታ የምትተኛው እዚያች ቤት ውስጥ እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ የእናቷንም አፍ ታውቃለች።

ዶክተሩ ማስመሪያውን አቀበለኝ። «ለኪያት፣ እመቤቴ! ዘዴ ያድናል!»

ተቀበልኩት። ልጄን ግን አልለካኋትም።

«እንቆቅልሽ?» አለች ኤልዳና።

«ምን አውቅልሽ» አልኩና ጠበቅኳት።

«ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቢሳሳት፣ መሳሳቱን ማን ይነግረዋል?»

መልሱ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ሦስት መልስ! ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ያንን ማስመሪያ በቁሙ አፌ ውስጥ አስገብቼ በጥርሴ ነከስኩት። መልሶቹ እንጨቱን እየገፉ ጉንጬን ነፉት። ነከስኩ። ዶክተሩ «ኧረ አጠቃቀሙ እንደዚያ አይደለም!» እያለ ይጮሃል። እኔ ደግሞ፣ አጠቃቀሙ ይኼ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቷ እስክትጨርስ የእኔን አፍ ካልያዘ ዘዴ ምን ይሠራል?

ሦስቱም መልሶች አንድ በአንድ ወደ ሆዴ ተመለሱ። ማስመሪያውን አወጣሁት።

«አላውቅም» አልኩ። በአርባ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። «አንቺስ? ምን ይመስልሻል?»

ቅያሷ ባለችበት ቀረች። ኤልዳና ዓይኗ በራ።

«እኔም አላውቅም» አለች፤ «ግን እማዬ፣ ምናልባት…»

ነቃሁ። ነግቷል። ኤልዳና ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ደብተሯን ትሸመድዳለች።

«የማሰብ ደረጃዎች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ። ሁለተኛ…»

«ለምን አምስት ሆኑ?» አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ በእጇ አፌን ያዘችኝ። «ዝም በይ እማዬ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ። ‹ለምን› ያለ ማርክ ይቀነስበታል።»