ባዶ ቦታ የማይወዱት የሞቱሌካ ባለማህተም

በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ከመስኮት ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጧል። የሰጣችሁትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ወደ ብርሃን አንስቶ ይመረምረዋል፤ በመጨረሻም ያልሞላችሁትን አንዲት መስመር በጣቱ ጠቁሞ ይመልስላችኋል። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ ገና ከእናቱ ቤት አልወጣም።

ለእኛ ለሞቱሌካ ደሴት ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ ሴሚሲ ነበሩ። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስላደግን ፊት ለፊት ስንገናኝ "አንተ" ነው የምላቸው፤ በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸውን አልነካም፤ ስህተት ካገኙብኝ አምስት ቅጂ ያስጽፉኛል። በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ አቋርጦ ቶንጋ ለሚደርስና በእኛ ወደብ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ የጉምሩክ ሹሙ እሳቸው፣ የኢሚግሬሽኑ እሳቸው፣ የጤናው እሳቸው፣ የዕፅዋት ቁጥጥሩም እሳቸው። አራት ሹመት፣ አንድ ወንበር። ከአንዱ ሹመት ወደ ሌላው ሲያልፉ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉና እንደ አዲስ "ስምህ ማን ነው?" ብለው ይጀምራሉ።

ሕጉ እንኳ ቀላል ነበር። የደረሰ ጀልባ ቢጫ ባንዲራ ሰቅሎ ይጠብቃል፤ ማህተሙ ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ ማንም መሬት አይረግጥም። ቀላል ያልነበሩት ክቡርነታቸው ናቸው። አንዱ ጀልባ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸዋል። የሚወዱት ንግግር ሁለት ነው፦ "ባዶ ቦታ አለ" እና "ወረቀት ላይ ውሸት አላሳድርም"።

አንድ ጊዜ አንድ ዴንማርካዊ ድመቱን ከጀልባው ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ መጣ። ክቡርነታቸው ወረቀቱን መለሱለት።

"ባዶ ቦታ አለ። ሥራዋ አልተጻፈም።"

"ጌታዬ፣ ድመት እኮ ናት።"

"ድመት መሆኗንማ አይቻለሁ። እኔ የጠየቅኩት ሥራዋን ነው።"

"ስትተኛ ነው የምትውለው።"

ክቡርነታቸው ጥቂት አሰቡና "ጡረታ ላይ" ብለው ጻፉላት። ድመቷ ገባች።

ሌላ ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ ካፒቴን ቅጹ ላይ "ነፋሱ ቀላል ነበር" ብሎ ጻፈ። የመንገድ መዝገቡን ገልጠው ቢያዩ "መካከለኛ" ይላል። አምስቱንም ቅጂ እንደገና አስጻፉት። ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ብርቱካን ወደ ደሴቱ አይገባም ቢሉት ከማስረክብ ብሎ አሥራ አንዱንም ጀልባው ላይ ተቀምጦ የበላ የሃምቡርግ ሐኪምም ነበር። ክቡርነታቸው ልጣጩ እንዳይበተን ከረጢት ይዘውለት አጠገቡ ቆመው ጠበቁት፤ ከዚያም ልጣጩን ቆጥረው አስፈረሙት። የእኔን እናት እንኳ አልማሩም። ከኦክላንድ በጀልባ ስትመለስ የልጅ ልጆቿ አንገቷ ላይ ያሰሩላትን የአበባ ጉንጉን ወስደውባት ደረሰኝ ሰጧት። እናቴ ደረሰኙን በመስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ እሳቸው ለጥየቃ በመጡ ቁጥር ከፊቱ ታስቀምጣቸዋለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ዓመት በዓመት ተሰባስበው ከደሴት ደሴት የሚዞሩ የሸራ ጀልባዎች አሉ፤ ራሊ ይሉታል። ሁልጊዜ እኛን እያዩን ያልፉና ትልቁ ወደብ ይገባሉ። ያን ዓመት ግን ለምነን፣ ተለማምጠን፣ አሥራ ዘጠኝ ጀልባ ወደ እኛ እንዲመጣ አደረግን። ከወደዱን በየዓመቱ ሊመጡ፣ ካልወደዱን ደግሞ ላይመለሱ። የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ አናሴኒ ነበርኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "አርብ ድረሱ፤ ወረቀታችሁን ጨርሳችሁ እረፉ፤ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሦስት መንደር ግብዣ ደግሶላችኋል።"

ቅጂውን ለክቡርነታቸው ስሰጥ አነበቡት፤ ጀርባውንም አዩ።

"አና፣ እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ።"

"የቱ ጋ?"

"የማን አርብ?"

"አርብ አርብ ነው፣ ሴሚሲ። ሂድ ወደ ማህተምህ።"

ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሊው መሪ በላይ በላዩ ይጽፉ ጀመር። የሰዎቹን ስም፣ የጀልባዎቹን ርዝመት፣ የጫኑትን ሽንኩርት ሳይቀር ከነብዛቱ አስቀድማችሁ ላኩልኝ አሉ። እኛ ወደቡ ላይ ሳቅንባቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመስኮታቸው የጽሕፈት መኪና ሲንጣጣ ይሰማል። ሰውየው ጨርሶ ለቀቀ አልን።

አርብ ቀኑን ሙሉ ባሕሩ ባዶ ሆኖ ዋለ። ይመጣሉ እያልን አመሸን። ቅዳሜ ጠዋት የመንደሩ ሹም ኢሲሌሊ ድንጋዩን አስግሎ ሠላሳ አንድ አሳማ ከነጎደሬው እንዲበስል ጉድጓድ አስቀበረ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መመለሻ የለም። ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኙም ቢጫ ባንዲራቸውን ሰቅለው ብቅ አሉ። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሸራቸውን ጠቅልለው በሞተር ነው የገቡት። የራሊው መሪ ኢንገርድ የምትባል ስዊድናዊት ናት። በሬዲዮ እየሳቀች ጠራችን።

"በቀጠሯችን ደርሰናል፤ ዛሬ አርብ አይደል? ነገ ለግብዣው እንገናኝ።"

ያኔ ገባኝ። የመጡት ከኒዩዌ ደሴት ነው። ኒዩዌ የሁለት ቀን መንገድ ብትሆንም የቀን መለያው መስመር በመካከላችን ያልፋል፤ እነሱ ዘንድ አርብ ሲሆን እኛ ዘንድ ቅዳሜ ነው። እኛ የደሴቱ ሰዎች ከእኛ ሌላ ቀን የሚቆጥር ያለ አይመስለንም። የማን አርብ እንደሆነ ሳልጽፍ የቀረሁት ለዚህ ነበር። በማግስቱ ደግሞ እሁድ ነው። እሁድ ሥራ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅም ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰናዳል። ጀልባዎቹ ከዚያ በፊት ካልተፈቀደላቸው እስከ ሰኞ ባንዲራ ሰቅለው ውኃ ላይ ሊቀመጡ ነው። የሦስት መንደር ምግብ ሊበላሽ፣ ራሊው ሁለተኛ ላይመጣ፣ እኔም የደሴቱ መጠቋቆሚያ ሆኜ ልቀር።

ኢሲሌሊ ድምፁ ያለ ሬዲዮ ኒዩዌ የሚሰማ ሰው ነው። "ሴሚሲ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይውረዱና ይብሉ፤ ወረቀቱ ሰኞ ይደርሳል" አላቸው።

"ማህተም ያላረፈበት እግር መሬት አይነካም።"

"ለአንድ ጀልባ ሰዓት ተኩል እየፈጀህ አሥራ ዘጠኙን መቼ ልትጨርስ ነው?"

ክቡርነታቸው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ይህ ሰው ልብ የለውም አልኩ፤ ሌላም ብዙ ነገር አልኩ፤ አሁን አልደግመውም። ሲወጡ በእኛ ወግ ለክብር የሚታጠቀውን ሰሌን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ አንጠልጥለው ነበር።

"አና፣ የማህተሙን ቀለም ያዢልኝና ጀልባ ግቢ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ጀልባ ላይ ሻንጣውን ከፈቱት። የአሥራ ዘጠኙ ጀልባ ቅጽ፣ እያንዳንዱ አምስት አምስት ቅጂ፣ ተተይቦ ተዘጋጅቷል። ስሙ፣ ርዝመቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ቀኑን አየሁት። ቅዳሜ ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የተተየበው። የምገባበት ጠፋኝ።

"ፈርም። ማህተም። ባንዲራህን አውርድ።" አሥር ደቂቃም አልፈጀ። የመጀመሪያው ቢጫ ባንዲራ ሲወርድ ወደቡ ላይ የቆመው የቤተ ክርስቲያኑ የነሐስ ባንድ መለከቱን ነፋ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ሁለተኛው ወረደ፤ ባንዱ ደገመ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። እኔ ከጀልባ ጀልባ ስዘል ጫማዬ ባሕር ገባ፤ ማን አስታውሶት።

ሰባተኛው ጀልባ ላይ ክቡርነታቸው ቆም አሉ። ወረቀቱ አሥራ ሁለት ሽንኩርት ይላል፤ ቅርጫቱ ውስጥ አሥራ ሦስት አለ። ባለጀልባዎቹ ተያዩ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አለቀልን፣ አምስቱም ቅጂ እንደገና ሊጻፍ ነው። ክቡርነታቸው ፀሐይዋን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ አሥራ ሦስተኛውን ሽንኩርት ልጠው ጥሬውን እንደ ፖም ገምጠው ጨረሱት።

"አሁን ልክ ነው" አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። ማህተሙን መቱት።

አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ አሥራ ዘጠነኛው ባንዲራ ወረደ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሞቱሌካ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማችም። ጉድጓዱ ተከፈተ፤ እንግዶቹ ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው በሉ። ያ የሃምቡርግ ሐኪም ተመልሶ መጥቶ ኖሮ ከባንዱ ጋር ከበሮ ይመታል። ኢንገርድ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተነስታ "በሚቀጥለው ዓመትም እንመጣለን" ስትል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዘለሉ። ደስታዬ ሌላ ነው።

ግን ኢሲሌሊ ከጠገበ በኋላ ነገር ትዝ የሚለው ሰው ነው። ሕዝቡ መካከል ቆመ።

"አሁን አንድ ነገር ይነገረኝ። አርብ ይመጣሉ የተባሉት ቅዳሜ እንዴት መጡ? ያሳሳታቸው ማን ነው?"

ልነሳ ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ክቡር አቶ ሴሚሲ ቀድመውኝ ተነሱ። ሻንጣቸውን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ አንድ ቅጽ አወጡና ጮክ ብለው አነበቡ።

"የመዘግየት ምክንያት፦ ነፋስ።"

ኢሲሌሊ ቀና ብሎ የዳቦ ፍሬውን ዛፍ አየ። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቅጠል አልተነቃነቀችም። መልሶ ሴሚሲን አየ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ውሸት ያላሳደረ ሰው ነው።

"ወረቀቱ ካለማ ነፋስ ነው" አለና ተቀመጠ።

ሲመሽ ከሴሚሲ ጋር ወደ ቤት ሄድን። አፉ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

"ካወቅክ ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ነግሬሽ ነበር። 'ሂድ ወደ ማህተምህ' አልሽኝ። ሄድኩ።"

ሴሚሲ ባለፈው ሳምንት ጡረታ ወጣ። ሥራ በሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍልህ ብለው ቢጠይቁት "እንደ ድመቷ" አለ አሉ። እናቴ ደረሰኙን ከግድግዳ አውርዳ ስትወለውል አገኘኋት፤ ልትጥለው መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ መልሳ ሰቀለችው። አዲሱ ባለማህተም ጨዋ ነው፤ ፈገግ ይላል፣ ይቸኩላል፣ ወረቀቱን ገልብጦ አያይም። እንግዶቹም በደቂቃ ይገባሉ። እኔ ግን ወደቡ ጭር ብሎብኛል።

ስለዚህ ለእሱ ስል አንድ ነገር ሞልቼ ልሂድ፤ ኢሲሌሊም አንብቦ ከተቆጣ በእኔ ይቆጣ። ያን ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።