ሽቅቤ መሪነት ልትማር ሄደች

ዛፍ ጆሮ፣ ድንጋይ አንደበት በነበረው ዘመን ነው አሉ። ከአንድ ትልቅ ጫካ ማዶ፣ ረግረግ ዳር፣ የከርከሮ መንጋ ይኖር ነበር። የመንጋው መሪ አረጀና ሞተ። ከርከሮዎቹ አልቅሰው ቀበሩት። እንባቸው ሳይደርቅ ስብሰባ ተቀመጡ።

«ከእንግዲህ ያልተማረ አይመራንም» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ዘመኑ የትምህርት ነው። ጎሾቹ እንኳ የተመረቀ አምጥተዋል፤ እኛ ከማን እናንሳለን?»

ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ከርከሮ ነበረች። ስትሮጥ ጅራቷን ሽቅብ ስለምታቆም ሽቅቤ ይሏታል። ጭቃ ላይ ከመንከባለል አስበልጣ የምትወደው ነገር ቢኖር ጥያቄ መጠየቅ ነው።

«አንቺ ሂጂ» አሏት። «የጫካው ኮሌጅ ገብተሽ መሪነት ተማሪ። ተመርቀሽ ከመጣሽ መንጋው ያንቺ ነው። ካልተመረቅሽ ግን ኮሌጁ የተመረቀ ይልክልናል። ማንም ይሁን ማን፣ እሱ ይመራናል።»

አክስቷ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። «ልጄ፣ አደራ» አለቻት። «ባዳ እንዳታመጪብን።»

ኮሌጁ ውስጥ መሪነት በአንድ ክፍል አይሰጥም ነበር። ተማሪው ከየክፍሉ እየዞረ ይለቅማል። ሽቅቤ መጀመሪያ ንቦቹ ዘንድ ገባች።

«መሪ ማለት ከቤት የማትወጣ ናት» አሏት ንቦቹ። «እሷ ትቀመጣለች፣ እኛ እናበላታለን።»

ሽቅቤ ይህን ያዘች። ከዚያ ወደ ወፎቹ ክፍል ዞረች። ሽመላው አንገቱን መዝዞ፣ «መሪ ማለት ከሁሉ ፊት የሚበር፣ ነፋሱን በደረቱ የሚቀበል ነው» አላት። ይህንንም ያዘች። ዝሆኖቹ ደግሞ መሪ ማለት ያረጀች ሴት ናት አሏት። እስካረጅ ምን ልሥራ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ማርጀት ነዋ!» ብለው ሳቁባት። የጅቦቹ ትምህርት ከሁሉ አጭር ነበር። «መሪ ቀድሞ ይበላል» አሉና ተበተኑ።

ሽቅቤ ጭንቅላቷ ዞረ። ወደ ኮሌጁ ኃላፊ፣ ወደ መምህር ጉማሬ ሄደች። ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ነው። ከአፍንጫውና ከዓይኑ በቀር የሚታይ የለውም።

«መምህር፣ መሪ ይቀመጣል ወይስ ይበራል?»

«ንቦቹ ሲጠይቁሽ ይቀመጣል በያቸው።»

«ወፎቹ ሲጠይቁኝስ?»

«ይበራል በያቸዋ! ይህ ምን ያስቸግራል?»

«እውነቱስ የቱ ነው?»

ጉማሬ አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ነከረና ጠፋ። የጥያቄው ሰዓት አለቀ ማለት ነው።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ጉማሬ ተፈታኞቹን ከወንዙ መካከል ባለች ትንሽ የአሸዋ ደሴት ላይ ሰበሰባቸው። «መርቶ የተሻገረ ይመረቃል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እየተንከባለለ ተሻግሮ ማዶ ዳርቻው ላይ ተጋደመ።

ተፈታኞቹ ሽቅቤ፣ ዝንጀሮ፣ ቀበሮ፣ ሚዳቋና ጃርት ነበሩ።

«ተከተሉኝ!» አለ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ።

«እኔን ተከተሉ!» አለ ቀበሮ።

«ኧረ እኔን!» አለች ሚዳቋ።

ሽቅቤም ብላለች፤ ጃርትም ብላለች። ሁሉም እጁን ወደ ማዶ ዘርግቶ ሌላው እስኪነሳ ይጠብቃል። ከቦታው የተነቃነቀ አንድም የለም።

ቀበሮ ዘዴ የማያጣ ነውና፣ «ድምፅ እንስጥ» አለ። ድምፅ ተሰጠ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ድምፅ ወጣ።

«ለራሱ የሰጠው ማን ነው?» ብሎ ተቆጣ ዝንጀሮ። ሁሉም አንጋጦ ሰማይ ሰማይ አየ። ዝንጀሮም ጥቂት ቆይቶ አብሯቸው አንጋጠጠ።

«እንግዲያው ጎን ለጎን ሆነን እንግባ። ማንም ማንንም አይቅደም» አለች ሚዳቋ። ይህ ሁሉንም ደስ አሰኘና ተሰለፉ። ግን ከጃርት ጎን የቆመው ሁሉ እየጮኸ ከሰልፉ ወጣ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ስጨነቅ ይቆምብኛል» አለች ጃርት እሾኋን ልታስተኛ እየታገለች።

እነሱ በዚህ ላይ እያሉ ከላይ በደጋው ዘንቧል። ወንዙ ደፈረሰ። ቅርንጫፍ ይዞ፣ ሣር ይዞ ይወርድ ጀመር። አሸዋዋን ከዳር ከዳር እየበላት ሄደ። ሽቅቤ ዞር ብትል የጃርት እግር ውኃ ውስጥ ነው። እግሯ ደግሞ አጭር ነው። ጥቂት ከቆዩ ከዚያ የሚወጣ የለም።

ሽቅቤ የአክስቷ አደራ ትዝ አላት። መርቶ የተሻገረ ነው የተባለው። ሌላውን ከተከተለች መውደቋ ነው፤ ረግረጉም የባዳ ይሆናል። ማንም ማንንም ካልተከተለ ግን ሁሉም እዚያው ያልቃሉ። ጅራቷ ቁልቁል ወረደ።

«ጋሼ ዝንጀሮ» አለች። «ግባ፤ እኔ እከተልሃለሁ።»

«ማንን? እኔን?» ዝንጀሮ ሌላ ዝንጀሮ የቆመ መስሎት ኋላውን አየ።

«አንተን ነው! ኧረ ቶሎ በል!»

ዝንጀሮ በዕድሜው ተከታይ አግኝቶ አያውቅም። ሐሳቧን ሳትለውጥ ብሎ ዘሎ ገባ። ሽቅቤ ከኋላው ገባች። ጃርት የሽቅቤን ጅራት በጥርሷ ይዛ ተከተለች። ሚዳቋ ከጃርት እሾህ ራቅ ብላ፣ ቀበሮ እያጉረመረመ ከመጨረሻ ገቡ። እየተንገዳገዱ፣ ውኃ እየጠጡ፣ ሁሉም ማዶ ወጡ። ዘወር ብለው ሲያዩ ደሴቷ የለችም።

ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ዝንጀሮ አልፏል» አለ። «ሌሎቻችሁ ተከትላችኋል። ወድቃችኋል።»

ቀበሮ ውኃውን እያራገፈ ሽቅቤ ላይ ጮኸባት። «አንቺ ነሽ የጣልሽን! ማን እግርሽን አንሺ አለሽ?»

«አትቆጣ ጋሼ» አለችው። «እዚያው ቆመህ ቢሆን ዓሦቹ ይመርቁህ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጉማሬ ቀረበች። «መምህር፣ እኔ ባልከተለው ኖሮ ምን እንሆን ነበር?»

«ጎርፉ ይወስዳችሁ ነበር።»

«ታዲያ ደህና አላደረግሁም?»

«ኧረ በጣም ደህና አድርገሻል፣ ልጄ» አለ ጉማሬ ከልቡ። «ፈተናው ግን ስለሱ አልነበረም።»

ለዝንጀሮ የቅጠል ቆብ ተደፋለት። ለከርከሮዎቹም መሪ ሆኖ ተሾመ፤ ሌላ የተመረቀ አልነበረማ። ሽቅቤም ወደ አገሯ መመለሷ ነውና አብረው መንገድ ጀመሩ። ዝንጀሮ ረግረጉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

«ጋሼ፣ መንገዱን ላሳይህ፤ ልቅደም» አለችው።

«ትቀድሚያለሽ?» አለ ዝንጀሮ ቆቡን እያስተካከለ። «መሪው እኔ አይደለሁም እንዴ? ወፎቹ ያስተማሩሽን ረሳሽው? ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጌታዬ በይኝ።»

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

«ወደ ቀኝ፣ ጌታዬ» ትለዋለች ቀስ ብላ።

«ወደ ቀኝ!» ብሎ ያዛል፤ ከእሷ በቀር የሚሰማ የለም።

«እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ጌታዬ።»

«ጉድጓድ አለ፤ ተጠንቀቂ እንጂ!» ብሎ ይቆጣታል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ረግረጉ ዳር ደረሱ። መንጋው ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዝንጀሮ በጥርጊያዋ መሀል ቀጥ ብሎ ሲመጣ አይተው አፋቸውን ያዙ።

«ጉድ እኮ ነው! አገራችንን ረግጦ የማያውቅ ፍጡር፣ ማጡን ሁሉ እየዘለለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሰተት ብሎ መጣ!»

የሽቅቤ አክስት ባዳ አመጣሽብን ብላ ልትቆጣት ተነስታ ነበር። አሁን ግን ቁጣዋ በረደ። ሽቅቤን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት።

«አየሽ፣ ልጄ? መማር ማለት ይህ ነው። አንቺ ምነው ይህንን ሳትማሪው ቀረሽ?»

ሽቅቤ ጉልበቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ ታራግፍ ነበር።

«እኔም ገርሞኛል፣ አክስቴ» አለች። «መንገዱን ሁሉ ከኋላው ሆኜ ሳየው ነው የመጣሁት። አንዴ እንኳ አልተሳሳተም።»