መሃል ከተማን የሚያስታምሙት ኢንጂነር

ከንቲባ የሌለው ከተማ ይኖራል። ውኃው በሳምንት አንዴ የሚመጣ፣ አውቶቡሱ ደስ ሲለው የሚያልፍ ከተማም ሞልቷል። መሃሉ ሲመሽ ለምን ጭር እንደሚል የሚያስረዳ አንድ ጡረተኛ የሌለው ከተማ ግን ገና አልተቆረቆረም።

ሰውዬውን ታውቋቸዋላችሁ። ጠይቃችኋቸው አታውቁም፤ እሳቸው ግን መልሰውላችኋል። «ዋናው ችግር» ብለው ይጀምራሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። ዋናው ችግር በየሳምንቱ ይቀያየራል እንጂ ጣቱ ያው ነው። የኛ ከተማው ክቡር ኢንጂነር ይባላሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠሩት የመሬት ቅየሳ ነው። የኢንጂነርነቱን ማዕረግ ያጎናጸፋቸው ጭማቂ ሻጩ ሲሆን፣ እሳቸውም ሰውን ማስቀየም ስለማይወዱ ተቀብለውታል።

ከተማው ትልቅ እንዳይባል ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ትንሽ እንዳይባል ሦስት ባንክ ጎን ለጎን ተገትሮበታል። ቀን ቀን መሃሉ ላይ ሳይጋፉ ማለፍ የለም። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ግን የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች እየተንኳኩ ይወርዳሉ፣ ሰው ሁሉ ወደየሰፈሩ ይተማል፣ አንድ ሰዓት ላይ ወፍ የለም።

በዚህ ጎዳና ላይ ነው እንግዲህ ምግብ አብሳይዋ ከስምንት ወር በፊት ሰባት ጠረጴዛ ዘርግታ ምግብ ቤት የከፈተችው። ከዚያ በፊት አሥራ አምስት ዓመት በኮሌጅ ካፍቴሪያ ለሦስት መቶ ተማሪ ስታበስል ኖራለች። እዚያ ምግብ የሚታደለው በጠባብ መስኮት ስለነበር ከሚበላው ሰው የምታየው ትሪ የያዘውን እጅ ብቻ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እጅ አበላች። ምኞቷ የሚበላውን ሰው ፊት ማየት ነበር። ስለዚህ ቤት ስትከራይ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነውን መረጠች፣ ሹካዎቿን ወለወለች፣ ጠበቀች። ፊት ግን ጠፋ።

ኮሌጁ ደግሞ ቦታዋን ገና አልሞላውም። አለቃው ደውሎ «እስከ ቅዳሜ ማታ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካልሆነ ሰኞ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አላት። እስከ ቅዳሜ ቤቱ ሰው ሰው ካልሸተተ፣ ጠረጴዛዎቹን ሸጣ ወደ ጠባቧ መስኮት ልትመለስ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሹካ ስትወለውል ግን እንባዋ ይመጣል።

ክቡር ኢንጂነር አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ይገባሉ። እራታቸውን እቤታቸው በልተው ነው የሚመጡት። ሁልጊዜ መስታወቱ ዳር ባለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፣ አንድ ሻይ ያለ ስኳር ያዛሉ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና ጣታቸውን ይቀስራሉ።

«ዋናው ችግር መኪና ማቆሚያ ነው፣ ልጄ» አሏት በመጀመሪያው ሳምንት። በሜትር ለክተውታል። መኪና ከሚቆምበት እስከ በሯ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሜትር ነው። «የሰው ልጅ ለሾርባ ሁለት መቶ ሜትር ይሄዳል። አሥራ አራቷ ናት የምትገድልሽ።»

በሌላ ሳምንት ችግሩ መብራት ሆነ። «ሦስቱም የመንገድ መብራት የተተከለው ባንኮቹ በር ላይ ነው። ባንክ ማታ ይርበዋል እንዴ?» ስለዚሁ ጉዳይ ለከተማው አስተዳደር አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከነንድፉ ጻፉ። በሁለተኛው ወር «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣላቸው። ያቺን ወረቀት በደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ያላየ ሰው የለም።

ከዚያ ጥፋተኛው ስልክ ሆነ። ከስልክ ቀጥሎ ሚስቶች ሆኑ። «ሚስቶች ሙያቸው በዛ» አሉ አንድ ማታ በከባድ ሐዘን። «እቤት እንዲህ እየተበላ ማን ይወጣል? እኔኑ ተመልከቺኝ!» አንድ ሰሞን ደግሞ ወደ ራሷ ዞሩባት። የወንበሮቿ ቁመት ከደንቡ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ እግሩ መሬት ያልደረሰ ደንበኛ ደግሞ ዳግመኛ አይመጣም። ምግብ አብሳይዋ «እሺ ጋሼ» ትላለች። ምን ትበል? በአባቷ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ደግሞስ ስንቱን ማታ ከእሳቸው ሌላ የሚያናግራት አልነበረም።

ጣጣው ሌላ ሰው ሲገባ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ክቡር ኢንጂነር ሁለቱም ደርሶባቸው ሁለቱንም አላወቁም። አንድ ማታ ልብስ ሰፊው እጮኛውን ይዞ ብቅ አለ። ገና ከመቀመጣቸው ኢንጂነሩ ወንበራቸውን ወደ እነሱ አዞሩ።

«እሰይ፣ እንኳን መጣችሁ! በዚህ ሳምንት ስንተኛ እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ? ሁለተኛ! ከትናንት በስቲያ አንድ ሾፌር ገብቶ ነበር፣ እሱም መንገድ ጠፍቶት ነው። ለምን ይመስላችኋል?»

ለምን እንደሚመስላቸው ሳይጠብቁ፣ ገበያ በሌለበት ቤት አንድ ዓሣ ስንት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ሊሰነብት እንደሚችል በጣታቸው እየቆጠሩ አሰሉላቸው። ምግብ አብሳይዋ ዓሣዋን የምታመጣው በየጠዋቱ ነው። ይህን ልትናገር ከኩሽና እየሮጠች ስትወጣ ግን እጮኛይቱ ካውያ ሰክታ መምጣቷ ድንገት ትዝ ብሏት፣ ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶላት ነበር።

ያም ይሁን። የረቡዕ ዕለቱ ግን ከሁሉ ባሰ። ፋርማሲስቷ ባሏን፣ ሦስት ልጆቿንና አማቷን ይዛ መጣች። ስድስት ሰው! ምግብ አብሳይዋ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ ሁለት ጠረጴዛ ገጥማ አታውቅም ነበርና እየተጣደፈች ገጠመች። ሾርባውን ስትቀዳ ከወዲያ የኢንጂነሩ ድምፅ ይሰማታል፤ ዝቅ ብሏል፣ የለቅሶ ቤት ድምፅ ሆኗል።

«እዚህ ቦታ ላይ ከእሷ በፊት ሦስት ምግብ ቤት ከስሯል። አራተኛዋ እንግዲህ… እንደምታዩዋት ጥሩ ሰው ናት። ምን ይደረጋል፣ ቦታው ነው።»

ስድስት ሳህን ሾርባ በትሪ ይዛ ስትወጣ ቤተሰቡ ተነሥቶ አማትየዋን በክንዳቸው ደግፎ በሩ ጋ ደርሷል። አሮጊቷ ዘወር ብለው ትከሻዋን ዳበሱና «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት።

ትሪውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡብኝ።»

«ለማስረዳት ያህል እኮ ነው፣ ልጄ…»

«ገብቶኛል! ስምንት ወር ሙሉ ገብቶኛል። ቅዳሜ ኮሌጁ መልስ ይጠብቃል፤ ልዘጋው ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።»

ክቡር ኢንጂነር አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ያ በራሱ ታሪክ ነበር። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ሐሙስ ማታ ቤቱ ጸጥ አለ። በመጀመሪያ እፎይ አለች። ቀጥሎ መንገዱን ማየት ጀመረች። አንድ ጎልማሳ እርምጃውን ቀነስ አደረገ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ዓይኑ በሰባቱ ጠረጴዛ ላይ ዞረና ፈጠን ብሎ ሄደ። ሁለት ጓደኛሞች እንደዚያው ቆም ብለው አዩና ሄዱ። አንድ ባልና ሚስት በሩን እስከ መንካት ደርሰው ተመለሱ። ድሮ በሳምንት ሁለትም ሦስትም ሰው ይገባላት ነበር፤ ገብቶ ይሸሽ እንጂ መግባቱንስ ይገባ ነበር። ሐሙስ ግን አንድም ሰው አልገባም።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሽርጧን እንደታጠቀች መንገዱን ተሻግራ ቆመችና ቤቷን እንደ አላፊ አግዳሚ አየችው። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ሹካው ያበራል። ማንም የለም። «እኔም ብሆን አልገባም!» አለች ጮክ ብላ። ባዶ ቤት ገብቶ፣ ስድስት ባዶ ጠረጴዛ እያየው የሚጎርስ ጀግና ከየት ይመጣል? ሁሉም ሌላ ሰው ቀድሞት እስኪገባ ይጠብቃል፤ የሚቀድም ግን የለም።

«ኢንጂነሩን ምን አደረግሻቸው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ጭማቂ ሻጩ ነው፤ በራሱ ባዶ ጭማቂ ቤት በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ምነው?»

«ዛሬ ይመጡልኛል አይመጡልኝም? ከሁለት እስከ ሦስት እኮ የኔ ናቸው።»

ከእሷ ቤት ሁለት ሰዓት ላይ ሲነሡ ለመኝታቸው የሚሄዱ ይመስላት ነበር። «አንተ ጋ ደግሞ ምን ያደርጋሉ?»

«ፓፓያ ያዛሉ፣ መስኮቱ ዳር ይቀመጣሉ፣ ሳይጠጡት ሲያማስሉት ያመሻሉ። እሳቸውን አይቶ ሰው ይገባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ ሲያዋሩት ደግሞ ይወጣል። ከኔ ሲነሡ ሲኒማ ቤት ነው የሚሄዱት። ትኬት ቆራጯን ጠይቂያት፣ አንዱን ፊልም ዘጠኝ ጊዜ አይተውታል።»

ምግብ አብሳይዋ እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። በከተማችን መሃል የሚያመሸው ሕዝብ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ልኩ አንድ ነበር፤ እሷ ደግሞ ያንን አንዱን ትናንት አባርራዋለች።

ዓርብ ጠዋት ቤታቸውን ጠያይቃ ሄደች። በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው ነበሩ፤ አጠር ያሉ፣ ሳቂታ፣ ሙያ ከእጃቸው ላይ የሚታይ እመቤት።

«ሾርባዋ አንቺ ነሽ?» አሏት። «ግቢ፣ ግቢ። ከትናንት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ነው የሚያመሸው፤ አልቻልኩትም። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እራት ስጪኝ፣ ሥራ አለብኝ ይለኛል። ጡረታ ከወጣ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው!»

ኢንጂነሩ ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ፤ ጣታቸው ግን አልተነሣም።

«ጋሼ፣ መስታወቱ ዳር የሚቀመጡት አስበውበት ነው?»

ባርኔጣቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «ቀያሽ ሜዳ ሲገባ መጀመሪያ አንድ ችካል ይተክላል» አሉ ቀስ ብለው። «ያ አንዱ ካልቆመ ሁለተኛው የት እንደሚቆም አይታወቅም። እና… የመጀመሪያው ልሁን ብዬ ነው። ምግቡን እንኳ አላዝዝልሽም፣ ሐኪም ከልክሎኝ ሳይሆን እሷ ካበላችኝ በኋላ ቦታ የለኝም። መቀመጥ ግን እችላለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳቋም አብሮ መጣ።

«ጋሼ፣ ችካል እኮ አያወራም!»

ባለቤታቸው ከኩሽና በር ላይ ሆነው እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። «አርባ ዓመት ምን ስል ኖርኩ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ይኼ ሰው በልመና ዝም አይልም። አፉ ሥራ መያዝ አለበት። የኔ ሙያ ሁሉ የበረታው ለምን ይመስልሻል? አጥንት ያለው ዓሣ ታገኛለሽ?»

«ነገ ጠዋት አመጣለሁ።»

«ነገ እዚህ ቤት እራት የለም» አሉ ባለቤታቸው ወደ ጓሮ ጮክ ብለው።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ባልና ሚስቱ መስታወቱ ዳር ቁጭ አሉ። ከፊታቸው ሾርባ፣ ዳቦ፣ በትልቅ ሳህን ደግሞ ከራስ እስከ ጅራቱ አጥንት የሆነ ዓሣ። ክቡር ኢንጂነር ሙሉ ትኩረታቸውን በሹካቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ መሬት በሚቀይሱበት ጥንቃቄ አጥንት ከሥጋ ይለያሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ በዓለም ላይ ከዚያ ዓሣ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለ አይመስልም።

አንድ ወጣት ቆም ብሎ አየ። ገባ። እሱን ያዩ ሁለት ጓደኛሞች ገቡ። ልብስ ሰፊውና እጮኛው፣ ካውያው የተነቀለ ይመስላል፣ በሩ ላይ ትንሽ አመንትተው ገቡ። ኢንጂነሩ ቀና ብለው «ዋናው ችግር…» ሲሉ፣ ባለቤታቸው «አጥንት!» ብለው ጮኹ፤ እሳቸውም ደንግጠው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። እንዲህ እየተባለ አራት ጠረጴዛ በሰው ተያዘ። ምግብ አብሳይዋ ትሪ ይዛ መሃላቸው ቆማ ፊቶቹን አየች። አንዱ ሾርባውን ሲቀምስ ቅንድቡ ብድግ አለ። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ኢንጂነሩ አፋቸውን ጠረጉና ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው ጋሼ? ዓሣዎን ሳይጨርሱ!»

«ጭማቂ ቤቱ ሰው የለበትም» አሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አሉ ባለቤታቸው፣ ቀና ሳይሉ እየበሉ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። የኮሌጁ አለቃ። «እህስ፣ ሰኞ ትገቢያለሽ?»

ሰባቱን ጠረጴዛዎች አየቻቸው። አራቱ ሞልተዋል። ሰኞ አንዱም ላይሞላ እንደሚችል ታውቃለች። ልቧ ግን ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

«አልገባም።»

«ምነው? ገበያው ቀናሽ እንዴ?»

«እሱን እንኳ ገና አላውቅም» አለች። «ግን መሃል ከተማውን ለአንድ ሽማግሌ ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

ስልኩን ዘግታ ወደ ማዶ ተመለከተች። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ ዳር፣ ክቡር ኢንጂነር ጣታቸውን ቀስረዋል። ፊት ለፊታቸው አሁን የገቡ ሁለት ወጣቶች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጃኬታቸውን እየፈለጉ ነው። እኚህን ሰውዬ እንደ አባቷ ትወዳቸዋለች፤ በዚያች ደቂቃ ግን አንቃ ልትገላቸው ምንም አልቀራትም። ከኩሽናው አጥንት የበዛበትን ዓሣ መርጣ በሳህን አነሣችና፣ «ጋሼ! አንድ ቃል እንዳይናገሩ፣ መጣሁ!» እያለች መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።