ምንም የማያውቅ ሰው ይፈለጋል

ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች አንድ ችግር አለባቸው፤ የማያውቅ ሰው ምን እንደማያውቅ አያውቁም። ከየት አመጣሽው አትሉኝም? አምቦ፣ ከአከራዬ ከኦቦ ገለታ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ ነዋ!

በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሠሩት፣ ማንም ቀድቶ ለማንም የሚሰጠው የኮምፒውተር ሲስተም አለ። ኦቦ ገለታ ለሱ የአማርኛ መመሪያ እናዘጋጅ ብለው በጎ ፈቃደኞች አሰባሰቡ። መምህር ታደሰ ከእንጭኒ፣ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት የምትሠራው ጫልቱ ከእጃጂ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣሉ። አንዱ የጻፈውን ምዕራፍ ሌላው ያርማል። ክፍያ የለም። ሻይ አለ፤ የማፈላውም እኔ ነኝ።

እርማቱ ግን ጉድ ነበር። መምህር ታደሰ የኦቦ ገለታን አንብበው "ግሩም ነው ኦቦ!" ይላሉ። ጫልቱም የመምህሩን አንብባ "ግሩም ነው" ትላለች። ታላቅን ሰው ማረም እኮ፣ ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው አንሶታል እንደማለት ነው። ማን ይደፍራል?

በሁለት ሳምንት ውስጥ የአካባቢው መምህራን ለሥልጠና ሊመጡ ነው፤ መመሪያው መድረስ አለበት። ኦቦ ገለታ ጨነቃቸውና ወደኔ ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ልጄ፣ ከዘጠነኛ ነው ያቋረጥሽው። ኮምፒውተርም ነክተሽ አታውቂም። እንዳንቺ ያለ ሰው ነው የምፈልገው።"

እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም! የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትመው ሰጡኝና "ልክ እንደተጻፈው አድርጊ" ብለው ምሳ ሄዱ።

ልጄን እንዳዘልኩ ተቀመጥኩ። አዲሱ ሲስተም ያለበትን ሲዲ አስገቡ ይላል፤ አስገባሁ። ማሽኑ ጥያቄ ቢያበዛ አትደንግጡ፣ አዎ በሉት ይላል። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ አዎ። ስዳር እንኳን ይህን ያህል አልተጠየቅኩም።

ኦቦ ገለታ ሲመለሱ አዲሱ ሲስተም በርቷል። በደስታ አጨበጨቡ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። "ምዕራፎቹስ?"

ስድስቱም እዚያው ማሽን ውስጥ ነበሩ፤ አዲሱ ሲስተም ሲገባ ጠራርጎ አጥፍቷቸዋል። መመሪያው፣ በፊት ያላችሁን ጽሑፍ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ቅዱ አይልም። ለምን ይበል? ይህን የማያውቅ ማን አለ?

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞቹ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ለቅሶ ላይ መቼም ሟች አይታማም። እዚህ ግን ጫልቱ ጀመረች። "እውነቱን ልናገር መምህር፣ የርስዎ ሦስተኛ ምዕራፍ አልገባኝም ነበር።"

"ያንቺን ማን ገባውና!" አሉ መምህር ታደሰ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ የኦቦ ገለታን ያዙ። ኦቦ ገለታ ሰሙ፣ ሰሙና በሳቅ ፍርስ አሉ። "አራተኛውንማ እኔም ስጽፈው አልገባኝም!"

ከዚያ ወዲያ ሥራው ነጎደ። የተጻፈ ሁሉ እኔ ፊት ይቀርባል፤ እኔ የቆምኩበት ቦታ እንደገና ይጻፋል። መመሪያውም ለሥልጠናው ደረሰ። ከዚያ በፊት ግን፣ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ሁሉንም ያስደነገጠ ነገር ተፈጠረ። የጫልቱን አዲስ ምዕራፍ ገና ሳየው፣ ማሽኑን ሳልነካ፣ "እዚህ ጋ አንድ ነገር ተዘሏል" አልኩ።

ኦቦ ገለታ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኢንተላ ኮ፣ በእናትሽ፣ ሁለት ምዕራፍ ይቀረናል" አሉኝ። "እስከዚያ እባክሽ አትወቂብን።"