ፊሽካውና የቅሬው ጥሩንባ

ሰው ከሥራው ጡረታ ይወጣል እንጂ ሥራው ከሰው ላይ ጡረታ አይወጣም። አናጢ ቢያረጅም የተጣመመ በር ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ አዋላጅ ብታረጅም ዓይኗ ከሙሽራ ሆድ አይነሳም። ወታደርስ? ወታደርማ የሚያዘው ካጣ ዶሮም ያሰልፋል። ይህን የምለው በአጥር ቀዳዳ አይቼ ነው። ማየቴ ነውር ከሆነ አጥሩን ያላጠበቀው ይጠየቅ።

ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ዕድሜውን በሰራዊት ጨርሶ ቆቦ ሲመለስ ከሚስቱ ከእልፍነሽ በቀር ጭፍራ አልነበረውም፤ እሷ ደግሞ የምትታዘዝ ሴት አይደለችም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ብርድ ልብሱን እንደ ጡብ ያጥፋል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ የሚሄድበት ያጣል። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ታዲያ እግዜር ግሪሳን ላከለት።

የራያን ቆላ የማያውቅ ሰው ግሪሳ ሲባል ወፍ ይመስለዋል። ወፍስ ወፍ ነው፤ ግን ደመና ሆኖ መጥቶ ማሽላ ላይ ካረፈ ሲነሳ የሚተወው አገዳውን ነው። በዋጃ በኩል ወረደ ሲባል ሁላችንም ወንጭፍ ፍለጋ ገባን፤ የዘይነባ ጭንቅ ግን ከሁላችንም ባሰ። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላም፤ ከዚያች ማሽላ ሌላ ቀለብ የላት፣ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚወነጭፍላት ሰው የላት። ማሳዋም ከሁሉ ጫፍ፣ ወፉ በሚመጣበት በኩል ነው።

ሃምሳ አለቃ ሰበሰበን። ሰው በየማማው ለየብቻው ቢጮህ ጩኸት ነው፣ ተደራጅቶ ቢጮህ ግን ጦር ነው አለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ስለ ግሪሳ የተባለ ነገር ባይኖርም አመንነው። በጓድ በጓድ ከፈለን፤ ለየጓዱ መሪ ሾመ። አንዱ ጓድ ወንጭፍ፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ ስንቅና ውሃ። አንዱን ደግሞ ተጠባባቂ አለው። ተጠባባቂ ማለት ሌላው ሲደክም የሚገባ ነው ብሎ ቢያስረዳም፣ ተጠባባቂዎቹ ከጥላ ሥር ተነስተው አያውቁም። እኔን ትንሽ አየኝና፣ "የሺ ቃኚ ትሁን፤ ይቺ ሴት የማታየው ነገር የለም" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ፤ እኔ እንደ ማዕረግ ነው የወሰድኩት።

ልምምዱ ጉድ ነበር። ከድጃ አርፍዳ መጣችና ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሳመች፣ ልጁን ከብቱን እየጠየቀች ሄደች። ሃምሳ አለቃ ሰልፍ ላይ ሰላምታ የለም ቢላት፣ "ሰላም የማይባባል ሰልፍማ የጠላት ነው!" ብላ እሱንም ሳመችው። ምን ያድርግ? እልፍነሽ እያየች ነው።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ዝግጁነት የሚመጣው በመደጋገም ነው እያለ ፊሽካውን ጠዋት ይነፋል፣ ምሳ ላይ ይነፋል፤ እየሮጥን ማሳ ስንደርስ "ልምምድ ነው፣ ተመለሱ!" ይለናል። መደጋገሙ ሠራ፤ ጆሯችን ለፊሽካው ደነደነ።

አንድ ቀን ፀሐይ በረድ ስትል በዋጃ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አየሁ። ቃኚ አይደለሁ? በርሬ ነገርኩት። የአንገቱ ሥር እስኪገተር ነፋ። የመጣችው እልፍነሽ ብቻ። ከየቤቱ "ልምምድ ነው!" ይላሉ፤ አንዷማ "እግሬን እየታጠብኩ ነው በሉት" አለች። ግሪሳው የዘይነባ ማሳ ላይ እንደ ጥቁር ጋቢ ተዘረጋ።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ገብታ ከግድግዳው ላይ የባሏን ጥሩንባ አወረደች። ሟቹ የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ጥሩንባ ነፊ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ጥሩንባውን ከቤቷ ለመውሰድ የደፈረ የለም። ነፋችው።

እኛ ዘንድ፣ እስላም ሁን ክርስቲያን፣ የቅሬ ጥሩንባ ሲሰማ ቤት የሚቀር የለም። እግሯን የምትታጠበዋ ሳይቀር ወጣች። ዶማና አካፋ የያዙት ከፊት፣ ቃሬዛ የያዙት ከኋላቸው፣ ሴቶቹ ውሃና ሰሌን ይዘው። ሃምሳ አለቃ ፊሽካውን ከአፉ አወረደ። ያዘዛቸው የለ፣ ያሰለፋቸው የለ!

"ማነው የሞተው?" አሉ።

"ማሽላዬ!" አለች ዘይነባ ወደ ማሳው እያሳየች።

አንድም ሰው አልተመለሰ። ዶማውን ከአካፋ እያጋጩ፣ ቃሬዛውን እያውለበለቡ ገቡበት። ዳር ዳሩ ቢበላም መሐሉ ተረፈላት።

ግን ሰው ሳይሞት ጥሩንባ መንፋት ከቅሬ ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ማን ይቀብረዋል? ዘይነባ በቅሬው ዳኛ በአባ ሙሄ ፊት ስትቆም፣ ሃምሳ አለቃ ጫማውን አጋጭቶ ተነሳ። ጦር ሲጠራ ካልመጣ የሚጠየቀው አዛዡ ነውና ቅጣቱ የእኔ ነው አለ። ያን ቀን ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

አባ ሙሄ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "አንተ ልጅ፣ ይህ ሕዝብ እኮ ሲቀብር የኖረ ነው፤ ልምምድ ጎድሎት አይደለም" አሉት። ማሩ። ማሽላው እስኪታጨድ ጥሩንባው ለግሪሳም ይነፋ፣ ነፊዋም ዘይነባ ትሁን ብለው ፈረዱ። ከዚያ ተከዙና፣ "ፍራቴ አንድ ነው። እኔ የሞትኩ ለት ግሪሳ መጣ ብላችሁ በወንጭፍ እንዳትመጡብኝ" አሉ። አላህ ያቆይዎት ብለን ሳቅን።

ማሽላው ለማጭድ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ጥሩንባው ተነፋ። ሃምሳ አለቃን ብታየው! በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አወጣጥ ያየ አይመስለኝም፤ ወንጭፉ ከፊት፣ ቆርቆሮው ቀጥሎ፣ ተጠባባቂው እንኳ ከጥላው ተነስቶ ከኋላ። እኔ ሰማዩን ቃኘሁ። ጥርት ብሏል፤ አንዲት ወፍ የለችበትም። ዓይኔን ወደ ምድር ስመልስ ዘይነባ ጥሩንባውን ደረቷ ላይ አቅፋ በአባ ሙሄ ደጃፍ ቆማለች።

ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቆመ። ዶማ የያዘ አንድም የለ። የአባ ሙሄ ባለቤት ብቅ ብለው ያን ሁሉ ወንጭፍና ቆርቆሮ አዩና፣ እያለቀሱ "ነግሯችሁ ነበር እኮ" አሉ፤ እንባቸው መሐል ሳቅ አመለጣቸው።

ሃምሳ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። "ወንጭፍ ትከሻ ላይ!" ብሎ አዘዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እኩል ታዘዘ። ከድጃ እንኳ ማንንም አልሳመችም።

ተጠባባቂው ጓድ ግን ወዲያው ግዳጅ ተሰጠው፤ ከተቋቋመ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር። ዶማ ሊያመጣ ወደ ቤት ተላከ።